አንዱ ይማራል፣ አንዱ ይሠራል

የእህቴ ልጅ ሊያ ባለፈው ሳምንት እዚህ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ቤቴ መጥታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ዘረጋች። ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እሷ ጥያቄዎቹን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። አንድ ሰው አንድ ነገር ይላል፣ ምክንያቱን ያቀርባል፣ ከታች ጥያቄው ይከተላል፦ ይህ ሐሳብ እንዲያስኬድ ተናጋሪው ሳይናገር ያለፈው ነገር የትኛው ነው? አምስት መልስ ተደርድሯል። እኔ ገና የመጀመሪያውን ሳሰላስል ሊያ መልሷን ነክታ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

«ቆይ እስቲ፣ እንዴት ነው እንዲህ የሚቀልሽ?» አልኳት።

«ማር አክስቴ፣ ሰውየው አላለማ! ካላለ አላለም ነው።»

እዚህ አገር ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። እኔን አንቺ ትለኛለች፣ በንግግሯ መሐል ደች ጣል ታደርጋለች፣ «ማር» ስትል «ግን» ማለቷ ነው፣ እኔም መቆጣቱን ከተውኩት ቆይቻለሁ። «ካላለ አላለም ነው» ስትል ግን ቢላዋዬን አስቀምጬ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ይቺን ነገር ለመማር እኔ የብርዱን ወራት በሙሉ ፈጅቶብኛል። ከተማርኳት በኋላ ደግሞ አንድ ሰው አሳጥታኛለች።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖኝ፣ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር፣ አጎቴ ጋሽ ወርቁ ቤት ነበር የምኖረው። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሆላንድ ደረጃ ታውቁት እንደሆነ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ እንግዳ ሲመጣብን ትንፋሹ እስኪመለስ ጠብቀን ነበር ደህንነቱን የምንጠይቀው። ጠዋት ጠዋት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ገላ አጥባለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ። ሕግ መማር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ነገር ነው። ከአገር ቤት ያመጣሁትን የትምህርት ማስረጃ የሚቀበለኝ ስላልነበረ መግቢያ ፈተና መፈተን ነበረብኝ። ደቹን እንደምንም ተወጥቼዋለሁ። የሕብረተሰብ ትምህርቱም ቢሆን ተነብቦ የሚያልቅ ነው። ያቃተኝ የአመክንዮ ጥያቄ የሚሉት ክፍል ነበር።

መስፍንን ያገኘሁት አምስተርዳም፣ ቢልመር በተደረገ የእንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ ነው። እዚያው ቢልመር ይኖር ነበር። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሕግ ተምሮ ሳይጨርስ ነው የተሰደደው። እሱም ያንኑ ፈተና ሊፈተን እየተዘጋጀ መሆኑን ሲነግረኝ የያዝኩትን ሳህን ልጥለው ምንም አልቀረኝም። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ያገኘው አንድ ወፍራም የአሜሪካኖች የፈተና መለማመጃ መጽሐፍ ነበረው፤ ጥያቄዎቹ የእኛን ፈተና ቁርጥ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ልናጠና ተስማማን። ዴን ሃግ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንገናኝ ያለው እሱ ነው። ለእኔ ይቀርባል፣ ለእሱ ይርቃል። ግን ብቻዬን አምስተርዳም ድረስ ብመላለስ ጋሽ ወርቁን ደስ እንደማይላቸው ገብቶታል። አንድም ቃል ሳልነግረው ነው የገባው፤ ያን ጊዜ ይሄ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥናቱ ግን ጭቅጭቅ ነበር። አንዱን ጥያቄ እስካሁን አስታውሰዋለሁ። አንድ ከንቲባ እንዲህ ይላል፦ ይህ ድልድይ አሮጌ ነው፤ ስለዚህ መዘጋት አለበት። ከንቲባው ሳይናገር ያለፈው ምንድን ነው?

«ምንም አላለፈም» አልኩ። «አሮጌ ድልድይ ይፈርሳላ!»

«ይፈርሳል ብሏል?»

«አላለም፤ ግን ያው ነው።»

«ያው አይደለም፣ ጽጌ! አሮጌ ሆኖ ጠንካራ ቢሆንስ? ሰውየውን እኮ እየረዳሽው ነው። ማን እርጂው አለሽ?»

ማን እንዳለኝማ አውቃለሁ። እናቴ ናት ያለችኝ። ቤታችን ውስጥ ትልቁ ስድብ «እስኪነግሩሽ ትጠብቂያለሽ?» የሚል ነበር። እንግዳ «በልቻለሁ» ሲል እንዳልበላ ማወቅ አለባችሁ። ጎረቤት በሩ ላይ ቆማ «አይ፣ አልገባም፣ እንዲያው ላያችሁ ነው» ካለች የምትፈልገው ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ደግሞ ሳታፍር አውቃችሁ ማቅረብ ነው። ጨዋ ልጅ ማለት የሰው ንግግር ሳያልቅ የጎደለውን የምትሞላ ናት። እኔ ደግሞ ጨዋ ተብዬ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ታዲያ የጎደለውን ሳላውቀው ሞልቼው ስጨርስ፣ ፈተናው «የጎደለው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ከየት ላምጣለት?

በሥራ ቦታም ይኸው ነበር ጣጣዬ። አንዲት ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ወይዘሮ፣ ሜቭራው እንላቸዋለን፣ ጠዋት መስኮታቸው አጠገብ ተቀምጠው «ዛሬ ብርድ ነው» አሉኝ። ሮጬ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ብርድ ልብስ አምጥቼ ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረግሁ። ሴትዮዋ በግርምት አዩኝ። «ብርድ ነው አልኩሽ እንጂ መስኮት ዝጊ አልኩሽ?» ብለው አስከፈቱኝ። ይህን ለመስፍን ስነግረው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሳቁ አምልጦት ሠራተኛዋ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችን።

ውጭ ወጥተን ነበር ምሳ የምንበላው። እሱ ከቢልመር የሱሪናም ሰዎች ሱቅ ባራ የሚባለውን የተጠበሰ ቂጣ ከነቃሪያው ያመጣል፣ እኔ ዳቦ በምስር። ትራም መጠበቂያው ሥር ተጠልለን፣ ዝናቡ በጎን እየመጣ እግራችንን እያራሰን፣ አፋችን እየተቃጠለ እንበላለን። እዚያም ሆኖ ያስተምረኛል። «'ስለዚህ' ወይ 'እንግዲህ' የሚል ቃል ስትሰሚ ቁሚ። ከእሱ በፊት የተባለው ወደዚያ ያደርሳል ወይ ብለሽ ጠይቂ» ይለኝ ነበር። «መነሻውን ግን አትንኪ። ሰውየው ጨረቃ አረንጓዴ ናት ብሎ ከጀመረ፣ አረንጓዴ ናት። የእሱን እውነትነት አልተጠየቅሽም።» መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነበር፤ መነሻ ሐሳቡን ተቀበሉና ከዚያ ተነሡ።

ብርዱ ሲለቅ ጥያቄዎቹም ይለቁልኝ ጀመር። ከአሥሩ አራት አገኝ የነበርኩት ስምንትና ዘጠኝ ማግኘት ያዝኩ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ትራም እየጠበቅን መስፍን ጫማውን እያየ፣

«ሽማግሌ ብልክ ጋሽ ወርቁ ይቆጣሉ?» አለኝ።

«እነማንን ነው የምትልከው?» አልኩት።

በቃ፣ በእኛ ቋንቋ እሺ ማለቴ ነበር። ገብቶታል። ፊቱ በርቶ ትራሙ መጥቶ ሲሄድ ሳንሳፈር ቀረን።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከፋሲካ በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት ነው። ሦስት ናቸው፤ ንግግር አሳማሪው አባባ ደምሴ ነበሩ፣ ቢልመር ውስጥ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም ይባልላቸዋል። ወጉ እንግዲህ የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ አይቀመጡም። ምስኪኖች! ያንን ደረጃ ወጥተው ትንፋሽ አጥሯቸው፣ አባባ ደምሴ በአንድ እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው «ቆመን ነው የምንናገረው፣ አንቀመጥም» ይላሉ። ጋሽ ወርቁ ደግሞ ወግ አክባሪ ናቸውና ወዲያው «ተቀመጡ» አይሉም። እኔና የጋሽ ወርቁ ባለቤት እትዬ ዘነበች ወጥ ቤት ሆነን፣ በሩ ስስ ስለነበር ሁሉንም እንሰማለን። ሣቄን ለመያዝ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ። ደስተኛ ነበርኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

በመጨረሻ ተቀመጡ። አባባ ደምሴ ስለ መስፍን ጨዋነት ተናገሩ፣ ስለ ቤተሰቡ ተናገሩ፣ ከዚያ ወደ ኑሮው መጡ።

«ሁለቱም መማር ይፈልጋሉ፤ ይህ ደግ ነገር ነው። ግን ሁለቱም ይማሩ ካልን ቤት አይቆምም። አንዱ ይማራል፣ አንዱ ይሠራል» አሉ።

«እውነት ነው» አሉ እትዬ ዘነበች አጠገቤ ሆነው። እኔም ብርጭቆዬን እያለቀለቅሁ ራሴን ነቀነቅሁ። ማን ይህን ይክዳል?

«ልጃችን መስፍን ደግሞ አገር ቤት ሁለት ዓመት ጀምሮ ነው የወጣው። እንግዲህ እሱ በዘንድሮው ፈተና ይግባና ይጨርስ፤ እሷ በሥራዋ ትቆይና ከዚያ ተራዋ ይደርሳል።»

«ተገቢ ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ተገቢ ነው» አሉ ሌሎቹም።

እኔ ግን «እንግዲህ» ሲሉ እጄ ውኃው ውስጥ ቀርቷል። ያ ሁሉ ቅዳሜ የፈጀሁበት ነገር ጆሮዬ ላይ ጮኸ። የጀመረ ይቅደም ያለው ማን ነው? ጭራሽ ያልጀመረች ትቅደም ቢባልስ? እኔ መቆየት እንደምችል ማን ነገራቸው? ማንም አልተናገረውም። ሁሉም ግን፣ ሳሎን ያሉትም ወጥ ቤት ያሉትም፣ በጨዋነት ሞልተውታል።

«ለምንድን ነው እሱ የሚቀድመው?» አልኳቸው እትዬ ዘነበችን በሹክሹክታ።

«ጀምሮ ነዋ የወጣው።»

«የጀመረ ይቅደም ተብሏል?»

አተኩረው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ያ መጽሐፍ አዞረብሽ እንዴ? በይ ሻዩን ውሰጂ።»

ነገሩ ለእኔ የቀልድ አልነበረም። የእሱ ትምህርት ዓመታት ይፈጃል። በዚያ መሐል ልጅ ይወለዳል፣ ልጅ ይታመማል፣ ሥራ ይበዛል። ተራዋ ይደርሳል የተባለላትንና ሳይደርስ ፀጉሯ የሸበተውን ብዙ ሴት አይቻለሁ። ጋሽ ወርቁ እንደ ደንቡ «ተመካክረን በሚመጣው እሑድ መልስ እንሰጣለን» ብለው ሸኟቸው። እስከ እሑድ ደግሞ አንድ ቅዳሜ አለ።

መስፍን በሽማግሌው ቀን መምጣት ስለማይገባው የተባለውን ሁሉ ከእኔ ለመስማት ጓጉቶ ቀድሞኝ ደርሷል። ሰላም ብዬው ተቀመጥኩና፣ «መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ላንብብልህ» ብዬ መጽሐፉን ከፈትኩ። ያነበብኩለት ግን ከራሴ የፈጠርኩትን ነው።

«ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዳቦ ቤት አላቸው። ሁለቱም በመርከብ መጓዝ ይመኛሉ። አንዱ ሲሄድ አንዱ ዳቦ ቤቱን መጠበቅ አለበት። ታላቁ ከዚህ በፊት ትንሽ ተጉዞ ያውቃል። ስለዚህ ታላቁ ይሂድ፣ ታናሹ ይቆይ። ሳይነገር የታለፈው ምንድን ነው?»

እንደ ልማዱ አንድ ጊዜ ብቻ ዐይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «ቀላል ናት። የጀመረ ሰው ካልጀመረው ይበልጥ ይገባዋል የሚል ነው የታለፈው። ደካማ ክርክር ነው፤ በተቃራኒው ማለትም ይቻላል። ለመሆኑ ታናሽየውን የጠየቀው አለ? ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?»

«አባባ ደምሴ ገጽ ላይ» አልኩት።

ወዲያው አልገባውም። ከዚያ ገባው። ፊቱ ሲለዋወጥ እያየሁት፣ ምነው ባልጠየቅሁት አልኩ። መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ዘጋው።

«ልክ ነሽ። አልተጠየቅሽም» አለ።

«አሁን ጠይቀኛ።»

«እሺ። እኔ ልቅደም?»

«ለምን?»

ሌላ ወንድ ቢሆን መቶ ምክንያት ይደረድር ነበር። እሱ ግን ምክንያት እንደሌለው ራሱ አሁን መልሶልኛል፤ ሊዋሸኝ አልቻለም። «ስለምፈልግ» አለኝ።

«እኔም እፈልጋለሁ» አልኩት።

«እንግዲህ ሁለታችንም ከፈለግን፣ የሚማረው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ…» ብሎ ጀመረ። ሐሳቡን አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ «አንቺ ቅደሚ» የምትል አንዲት ቃል ብትወጣው፣ «ኧረ አንተ ቅደም» እለው ነበር። እኛ በር ላይ ስንገናኝ «ግባ»፣ «አንቺ ግቢ» እየተባባልን ደጅ የምናረጅ ሰዎች አይደለን? ያን ቀን ግን በሩ ጠባብ ነበርና ማናችንም አልተግደረደርንም። ያመጣውን ባራ ሳንበላው በየፊናችን ሄድን። ሮተርዳም እስክደርስ ባቡር ውስጥ አለቀስኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሴት መሐረብ አቀበለችኝ፤ ምን ሆነሽ ግን አላለችኝም።

ማታ ጋሽ ወርቁ ቁጭ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጁን ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ።»

«ታዲያ ምንድን ነው ችግሩ?»

«ዘንድሮ ልፈተን እፈልጋለሁ፣ ጋሼ። ይቆይ አልልም።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ተኚ» ብቻ አሉኝ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ልጅቷ ትምህርቷን ስለምታስቀድም አልሆነም ብለው በትሕትና ነገሯቸው። አባባ ደምሴ ቅር አላቸው። «እኛ እኮ ትምህርቷ ይቅር አላልንም፣ ይቆይ ነው ያልነው» አሉ። ጋሽ ወርቁም «ይቆይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እሷ ይቆይ አላለችም» አሉ። ከጋሽ ወርቁ ጋር ዕድሜ ልኬን ብዙ ተጨቃጭቄያለሁ። ስለዚያች ዐረፍተ ነገር ግን ሁሉንም ይቅር ብያቸዋለሁ።

ፈተናው በሰኔ፣ እዚያው ዴን ሃግ ነበር። መስፍን ከእኔ ሦስት ረድፍ ፊት ተቀምጧል። በዕረፍት ሰዓት ተያየን፣ ሰላም ተባባልን፤ «የአመክንዮው እንዴት ነበር?» አለኝ፣ «ደህና» አልኩት። ሁለታችንም አለፍን። ሮተርዳም ልመዘገብ ስሄድ መስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ቀና ሳትል «የቀን ነው የማታ?» አለችኝ።

«የማታ ትምህርት አለ እንዴ?»

«አለ እንጂ። ቀን የሚሠሩ ሰዎች ማታ ይማራሉ» አለች።

የሚያግዘኝ ስላልነበረ የማታውን ያዝኩ። ጠዋት አረጋውያኑን አጥባለሁ፣ ማታ የውል ሕግ እማራለሁ። ከባድ ነበር፤ ከአንዴም ሁለቴ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ አጠገቤ ያለው ሰው ቀስቅሶኛል። ግን አልቋል። ሥራም ትምህርትም አንድ ላይ ሆነው አልቀዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሮተርዳም አንድ ሠርግ ላይ ከመስፍን ጋር ተገናኘን። አግብቶ ነበር። ሚስቱን አስተዋወቀኝ፤ ደስ የምትል፣ ሳቂታ ሴት ናት። ጠበቃ ሆኗል። እንዴት እንደጨረሰ ጠየቅሁት።

«የማታ» አለኝ። «ቀን ሆቴል እሠራ ነበር፣ ማታ አምስተርዳም እማር ነበር። ከማን ጋር ልተጋገዝ? ብቻዬን ነበርኩ።»

«እኔም የማታ ነው የተማርኩት» አልኩ።

ሹካውን አስቀመጠ።

«አባባ ደምሴ መጀመሪያ ላይ ምን ነበር ያሉት?» አለኝ።

«አንዱ ይማራል፣ አንዱ ይሠራል።»

«እሱን እኮ አልጠየቅንም!»

«መነሻውን አትንኪ ያልከኝ ማን ነው?»

«መጽሐፉ ነው ያለው» አለ፤ ሁለታችንም ከመሣቅ በቀር ምን እናድርግ? ሚስቱ ምን እንዳሣቀን ብትጠይቀው «የድሮ የፈተና ጥያቄ ነው» አላት። አልዋሻትም።

እኔም በኋላ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ በሥራዬም ደህና ሆኜ ኖሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ ስለ መስፍን አላስብም። በየሳምንቱ የተጣሉ ሰዎች ቢሮዬ መጥተው ፊቴ ይቀመጣሉ፤ ስለሚጣሉበት ነገር ለረጅም ሰዓት ያስረዱኛል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ጆሮዬን የሚይዘው ሁለቱም አንገታቸውን ነቅንቀው የሚያልፉት ነገር ነው። እዚያ ላይ አቆማቸዋለሁ። አንዳንዱ ይሠለቸኛል፣ አንዳንዱ ይቆጣኛል፣ ግድ የለኝም።

መስፍንን እወደው ነበር፤ እሱም ይወደኝ ነበር። ከአንድ እንቁጣጣሽ እስከ ፋሲካ ማግስት፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ የማናውቃቸውን ሰዎች ሐሳብ እየበታተንን ስሕተት ስንፈልግ ከርመናል። በዚያ ሁሉ ቅዳሜ «ሁለታችንም ብንማርስ?» የምትለው አጭር ጥያቄ ግን ከአንዳችንም አፍ አልወጣችም። ይኸው ስንት ዓመቱ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።